የቫናችንን ጣሪያ ለዲሴምበር ፀሐይ ማዘጋጀት

(ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ካምፕ መውጣት ለሚወዱ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ፀሐይዋ እንዲህ ደምቃ ሳለ አዳራሽ ውስጥ ለመቀመጥ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ አትሳቀቁ፤ ቢንጫጩም እንደማመጣለን።

እስቲ ይህን የሶላር ፓኔል እዩልኝ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ወርዱ 70 ሴንቲሜትር አይሞላም። 11 ኪሎ ይመዝናል። አሁን ጀርባውን ላዙርላችሁ። እዚህች ነጭ ወረቀት ላይ «200 ዋት» ይላል። ካምፐር ቫን የገዛ ሰው ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ ስለዚህች ቁጥር ነው። «ወንድሜ፣ ስንት ዋት ልግዛ?» ይለኛል። እኔም መልሼ «በቀን ስንት ትጠቀማለህ? በየትኛው ወር፣ የት ነው የምታድረው?» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ዝምታ ይሆናል።

ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ነው። ዋቱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የምንጠቀመውን እንቁጠር። ቀጥለን ፀሐይዋ በጣም በምትደክምበት ወር ስንት እንደምትሰጠን እንወቅ። በጁላይ ፀሐይ ታስቦ የተተከለ ሶላር ዲሴምበር ላይ ቤተሰብን ጨለማና ብርድ ውስጥ ይጥላል። በሙያዬ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የራሴን ጨምሮ ሰባት ቫኖች ላይ ሶላር ገጥሜያለሁ። የምነግራችሁ ከእነሱ የተማርኩትን ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ውሸት አይደለም። ግን የተለካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ፊት ለፊት እያረፈበት፣ ሴሉ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ጥቁሩ ክፍል፣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሆኖ ነው 200 ዋት የሰጠው። የቫን ጣሪያ ላይ እነዚህ ነገሮች አንድ ላይ አይገጥሙም። ጁላይ ላይ፣ ቀትር ሲሆን፣ ጥቁሩ ሴል እስከ 65 ዲግሪ ይግላል። ፓኔል ደግሞ ሲግል ይደክማል። ከ25 በላይ ለምትጨመር እያንዳንዷ ዲግሪ 0.35 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 40 ዲግሪ ሲጨምር 14 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ፓኔሉን ከላሜራው ጋር አጣብቃችሁ አትግጠሙት። ከሥሩ ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር አየር ይለፍበት። እንደ ወረቀት ተጣጥፈው ጣሪያው ላይ የሚለጠፉትን ቀጫጭን ፓኔሎች የማልወዳቸውም ለዚህ ነው። ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ለመግጠምም ይቀላሉ። ግን ሙቀታቸው መውጫ ስለሌለው ቶሎ ያረጃሉ።

መስተዋት ያለውን ፓኔል ስመክር «እዚህ አገር በረዶ አለ፣ አይሰበርም ወይ?» የሚለኝ ሰው አለ። ጥያቄው ልክ ነው። ሜይ 8 ቀን 2017 ከዴንቨር በስተምዕራብ የወረደውን በረዶ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ስንቱ መኪና ተቦድሷል። ጥሩ ፓኔል ሲፈተን ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ የበረዶ ድቡልቡል በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት ይተኮስበታል። ያንን ችሎ ነው ለገበያ የሚወጣው። የኮሎራዶ በረዶ አንዳንዴ ከዚያ ይበልጣል። ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ቫኑን ከጥላ ሥር ማስገባት እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ወደ ፀሐይዋ ልመለስ። አገር ቤት ያደግን ሰዎች ፀሐይን የምናውቃት ከአናታችን በላይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ዲሴምበር 21 ቀን፣ ፀሐይዋ ለእኛ በምትርቅበት ቀን እንኳ፣ ቀትር ላይ 57 ዲግሪ ከፍ ብላ ትታያለች። አገራችን «የ13 ወር ፀሐይ» ተብላ ለቱሪስት የተዋወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ዴንቨር በዚያው ቀን፣ በዚያው ቀትር፣ ፀሐይዋ ከ27 ዲግሪ አትዘልም። ሲያትል ያሉ ዘመዶቻችሁ ዘንድ ደግሞ 19 ዲግሪ ነው።

የቫን ጣሪያ ጠፍጣፋ ስለሆነ ይህ ቁጥር ኪሳችንን ይነካል። ብርሃኑ ተንጋዶ ሲያርፍ ይሳሳል። ከአዲስ አበባ የዲሴምበር ቀትር ፀሐይ ጠፍጣፋ ፓኔል 84 በመቶውን ያገኛል። ከዴንቨሯ 45 በመቶ ነው የሚደርሰው። ከሲያትሏ 33 በመቶ። ያውም ደመናውን ሳንቆጥር፣ የቀኑን ማጠር ሳንቆጥር።

ለሒሳብ የሚያመች አንድ መለኪያ አለ፤ ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ይባላል። ከንጋት እስከ ምሽት የወረደውን ብርሃን ሁሉ እንሰብስበውና፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት በሆነ ሙሉ ፀሐይ እንመንዝረው። ስንት ሰዓት ይወጣዋል? ለጠፍጣፋ ፓኔል ዴንቨር ላይ በጁላይ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። በዲሴምበር ከ2 ብዙም አይበልጥም። ሲያትል በዲሴምበር 1 ሰዓትም አይሞላም። ዊንተሩን ወደ ደቡብ፣ አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት አካባቢ ወርደው የሚያሳልፉ የቫን ሰዎች ብዙ ናቸው። እዚያ በዚያው ወር 3 ሰዓት ያህል ይገኛል። አንድ ሰዓት በቀን ትልቅ ልዩነት ነው።

አሁን የራሴን ቤት ሒሳብ ልዘርግፍላችሁ። ቫኔ ረጅም ጣሪያ ያለው ፎርድ ትራንዚት ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆች እንተኛበታለን። በ12 ቮልት የሚሠራው ፍሪጅ ሞተሩ ሲነሳ 45 ዋት ይጎትታል። በሰመር የቀኑን ግማሽ ይሠራል፤ 45 በ12 ሰዓት ሲባዛ 540 ዋት ሰዓት ይመጣል። የጣሪያው ፋን በዝቅተኛ ፍጥነት 20 ዋት ነው፤ ሌሊቱን 8 ሰዓት ሲዞር 160። መብራት 60። ስልኮች 50። የልጄ ላፕቶፕ ሁለት ሰዓት ሲሰካ 120። የውሃ ፓምፑ ለአጭር ጊዜ ስለሚነሳ 10 እንበለው። ድምሩ 940 ዋት ሰዓት ነው።

እኔ ጣሪያው ላይ ያለኝ እንደዚህ ያሉ ሁለት ፓኔሎች፣ በድምሩ 400 ዋት ነው። ከሙቀት፣ ከአቧራ፣ ከሽቦና ከሌላውም የሚባክነውን ሩብ ያህል አድርጌ እቀንሳለሁ። ጁላይ ላይ ወደ 2000 ዋት ሰዓት ይሰጠኛል። ከምፈልገው እጥፍ ነው። ሰው በዚህ ጊዜ ነው «ሶላሬ በቂ ነው» ብሎ የሚዘናጋው።

ዲሴምበር ላይ ያው 400 ዋት 630 ነው የሚሰጠኝ። በዚያ ላይ የኑሮዬም ሒሳብ ይለወጣል። ፍሪጁ ብርድ ስላለ ወደ 250 ይወርዳል፤ ፋኑ ይቆማል። በምትኩ የናፍጣው ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ሙቀቱን ከናፍጣው ቢያገኝም አየሩን የሚገፋው ፋንና ነዳጁን የሚስበው ፓምፕ 250 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋሉ። ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ መብራት 100 ይደርሳል። ስልኩ፣ ላፕቶፑ፣ ፓምፑ ሲደመሩ 780 ይሆናል። በየቀኑ 150 ጎደለኝ ማለት ነው።

ይህን ጉድለት ሦስተኛ ፓኔል ገዝቶ መሙላት ይቻል ነበር፤ ጣሪያዬ ላይ ግን ቦታ የለም። እኔ የሞላሁት ከሞተሩ ነው። ከመኪናው ዲናሞ ወደ ቤቱ ባትሪ የሚያሻግር ዲሲ ዲሲ ቻርጀር የሚባል ዕቃ አለ። የእኔው 30 አምፒር ነው፤ በሰዓት 400 ዋት ሰዓት ገደማ ያስገባል። ግማሽ ሰዓት ስነዳ የቀኑ ጉድለት ተሸፈነ። ለዊንተር ካምፕ ለሚወጣ ሰው ይህ ዕቃ ከተጨማሪ ፓኔል ይበልጥበታል ብዬ አምናለሁ።

(እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ምጣዱንስ ይችላል?» አሉ።)

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ጥያቄ ሁሉም ይፈልገዋል፤ የሚጠይቀው ግን የለም። በዚህ አገር መሰኪያ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ 1500 ዋት ያህል ይጎትታል። ባትሪያችን 12 ቮልት ነው። 1500ን ለ12.8 ስናካፍለው 117 አምፒር ነው፤ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መሰኪያ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሲጨመር 130 ይደርሳል። አሁን አንድ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ሙሉው አቅሙ 1280 ዋት ሰዓት ነው። ምጣዱ ሳያቋርጥ ቢግል ሰዓት ሳይሞላ ያሟጥጠዋል። ሊጡ ገና አላለቀም። በዲሴምበር ደግሞ ያንን መልሶ ለመሙላት የእኔ ፓኔሎች ሁለት ቀን ይፈልጋሉ።

ስለዚህ እኛ እንጀራውን ቤት ጋግረን፣ በሦስት በሦስት ጠቅልለን ነው የምንወጣው። ቡናውን ግን አንተውም። ጀበናው ትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ ይፈላል፤ ቡናው የሚቆላው ውጪ ነው። ስለዚህ ምድጃ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ቫን ውስጥ ጋዝ ስታነዱ መስኮት ይከፈት፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም አልጋው አጠገብ ይኑር። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም። የተኛ ሰው አይነቃበትም።

ባትሪን ካነሣሁ ልጨርሰው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው የምመክረው። የድሮው የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ተጠቅመን ካልመለስነው ዕድሜው ያጥራል። ሊቲየሙ አብዛኛውን ይሰጣል፤ ክብደቱም ግማሽ አይሞላም። አንድ ጠባይ ግን አለው። ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሆኖ ቻርጅ መደረግ የለበትም። በብርድ ጊዜ ሊቲየሙ ወደ ሴሉ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይጋገራል። ያ ጉዳት አይመለስም። ተራራ ላይ ባለችው የሌድቪል ከተማ አካባቢ ጃንዋሪ ላይ ያደረ ሰው፣ ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ ፓኔሉ ባትሪውን መሙላት እንደሚጀምር ያስብ። ባትሪው ቫኑ ውስጥ፣ ሰው የሚሞቅበት በኩል ይቀመጥ። ሲገዛም በብርድ ጊዜ ቻርጁን ራሱ የሚያቋርጥ መሆኑ ይጠየቅ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ይህ የላቸውም።

ብርድ ሌላም ወጥመድ አለው። ይህን ወጥመድ ኤሌክትሪሺያኖችም ሲስቱት አይቻለሁ። ፓኔል በሙቀት እንደሚደክም ነገርኳችሁ። በብርድ ደግሞ ቮልቱ ከፍ ይላል። ይኸው ወረቀቱ ላይ ምንም ሳይሰካበት ያለው ቮልት 24.3 ይላል። ሦስት ፓኔል በተከታታይ ብናያይዝ 72.9 ቮልት ነው። 75 ቮልት የሚችል ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ማለትም ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር ዕቃ፣ ገዝታችኋል እንበል። ወረቀት ላይ ይበቃል። አሁን የሙቀቱ መጠን ከዜሮ በታች 25 የሆነበት ጠዋት ይምጣ። ከ25 ተነሥቶ ከዜሮ በታች 25 ሲደርስ 50 ዲግሪ ወረደ። ቮልቱ በዲግሪ ወደ 0.28 በመቶ ይጨምራል፤ 14 በመቶ ማለት ነው። 72.9 የነበረው 83 ሆነ። ኮንትሮለሩ ያን ጠዋት ይቃጠላል፤ ሰውዬውም ዕቃው ብልሽት ነበረበት ብሎ ሱቁን ይወቅሳል። በዚህ አገር ኮንትሮለር ስትመርጡ የሰመሩን ቮልት ሳይሆን የብርዱን ቮልት አስሉ።

ስለ ኮንትሮለሩ ዓይነት ብዙ አልልም። ኤምፒፒቲ የሚባለውን ግዙ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም የፓኔሉን ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ሲያወርድ አምፒሩን ይጨምርላችኋል። ለ400 ዋት 30 አምፒር ይበቃል።

ፓኔሎቹን በተከታታይ ነው ወይስ በጎን ለጎን ማያያዝ? ይህ ጥላ ላይ ነው የሚወሰነው። ጥላ የሚያደርሰውን ጉዳት በዓይናችሁ እንድታዩት ፓኔሉን ጠዋት ውጪ አውጥቼ የኤሌክትሪክ መለኪያ ሜትር አስሬበት ነበር። ስልኬ ላይ የቀረጽኩትን ላሳያችሁ። እዩ፤ ሙሉ ፀሐይ ላይ 9 አምፒር ይላል። አሁን እጄን ዘረጋሁ። የእጄ ጥላ ከታች በኩል የአንድ መዳፍ ያህል ቦታ ነው የሸፈነው። ቁጥሩን እዩት፤ ከግማሽ በታች ወረደ። ሴሎቹ እንደ ዶቃ አንድ ክር ላይ ነው የተሰኩት። የአትክልት ጎማ አንድ ቦታ ላይ ብትረግጡት ጠቅላላው ውሃ እንደሚቆም ሁሉ፣ አንዷ ስትጨልም በዚያ ክር የሚያልፈው ሁሉ ይታነቃል። ውስጡ ባይፓስ ዳዮድ የሚባል፣ የጨለመውን ክፍል ዘሎ የሚያሳልፍ ዕቃ ስላለ ነው ጨርሶ ያልቆመው።

ስለዚህ ጣሪያው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የፓኔሉን ቅርጽ ከካርቶን ቁረጡ። በልኩ። ካርቶኑን ጣሪያው ላይ አስቀምጡና ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ወጥታችሁ የፋኑ ክዳን ጥላ የት እንደሚያርፍ እዩ። ክዳኑ ሲከፈት የሚጥለውን ጥላ አትርሱ። እኔ በዚህ መንገድ አንዱን ፓኔል 20 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ። ዛፍ ሥር ማቆም የሚወድ ሰው ጎን ለጎን ያያይዝ፤ አንዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል። ሜዳ ላይ፣ በረሃ ላይ የሚያድር በተከታታይ ያያይዝ። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን አምፒሩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሽቦው ላይ የሚባክነው ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚፈራው እንምጣ። ጣሪያ መብሳት።

መጀመሪያ ሳይበሱ የሚገጠምበትን መንገድ ፈልጉ። ትራንዚትም ፕሮማስተር የሚባለው ቫንም ከፋብሪካ ሲወጡ ጣሪያቸው ጠርዝ ላይ ዕቃ መጫኛ ለማሰር የተዘጋጁ ቦታዎች አሏቸው። አንዳንድ ስፕሪንተር የሚባል ቫን ሐዲድ ተገጥሞለት ነው የሚመጣው። እዚያ ላይ አግዳሚ ብረት አስሮ ፓኔሉን በብረቱ ላይ መግጠም ከሁሉ የተሻለ ነው። አየርም ያልፍበታል፤ ነገ ፓኔል ለመቀየርም ይመቻል።

መብሳት የግድ ከሆነ ግን በእርጋታ ነው። ቀዳዳው የሚያርፍበትን ከውስጥም ከውጪም ለኩ፤ ከሥሩ የጣሪያው አጥንት ወይም የመብራት ሽቦ እንዳይኖር። በቀጭን መሰርሰሪያ ጀምራችሁ በወፍራም አስፉት። ከዚያ ሰው የሚዘለው ሥራ ይመጣል። የቀዳዳውን አፍ በሞረድ አለስልሱት። የብረቱን ብናኝ ልቅም አድርጋችሁ አንሡ። ማግኔት በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ጣሪያው ላይ ጎትቱት፤ ከዚያ በቫኪዩም ሳቡት። የቀረች አንዲት ፍርፋሪ በመጀመሪያው ዝናብ ትዝጋለች፤ ከሥሯ ያለውን ቀለም ትበላለች። በቀጣዩ ፀደይ ቡናማ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ቀዳዳው ራቁቱን የቀረ ብረት ስለሆነ አንቲረስት ቀለም ቀቡትና ይድረቅ። ማሸጊያው ከዚያ በኋላ ነው። የሻወር ቤት ሲሊኮን አይሆንም። ለመኪናና ለጀልባ የተሠራ፣ ከብረቱ ጋር አብሮ የሚለጠጥ ማሸጊያ ግዙ። ላሜራው በቀን ይሰፋል፤ በሌሊት ይሰበሰባል። የደረቀ ማሸጊያ ይሰነጠቃል።

ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን። በአይ 70 አውራ መንገድ ወደ ካንሳስ በሰዓት 75 ማይል ስትነዱ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚያገኘው አንድ ካሬ ሜትር ላይ 60 ኪሎ ገደማ ይገፋል። የፓኔሉ የፊት ጠርዝ ከፍ ብሎ ከቆመ ነፋሱ ከሥር ገብቶ ያነሣዋል። እዚህ አውራ መንገድ ላይ 11 ኪሎ መስተዋት ቢወድቅ ከኋላ የሚመጣው የሰው ልጅ ነው። መቶ ማይል ከነዳችሁ በኋላ ወጥታችሁ እያንዳንዱን ብሎን በቁልፍ ሞክሩ።

ሽቦው ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ፣ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ይምጣ። ውሃ ሽቦውን ተከትሎ ነው የሚሄደው። መቀለሻው ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል።

አሁን የምነግራችሁ ለመናገር የሚከብደኝ ነገር ነው። ግን ይህን ሳልናገር ከዚህ ብወርድ ኅሊናዬ አያርፍም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ የአስፐን ዛፉ ቅጠል ወርቅ የሚመስልበት ሰሞን፣ ከአንድ ጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር በ285 መንገድ ኬኖሻ ፓስ ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ ወጣን። የእሱን ቫን የገጠምኩት እኔ ነበርኩ። እላይ ስንደርስ ቆመን፣ ባለቤቱ የውሃ ማንቆርቆሪያውን ኢንቨርተሩ ላይ ሰካች። 1000 ዋት ነው። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ትልቋ ልጃቸው «አባዬ፣ ፕላስቲክ ይሸታል» አለች። ነቅለን አልጋውን አነሣን። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ቀይ ሽቦ ጫፉ ቡናማ ሆኗል። ልባሱ እንደ ሰም ለስልሶ ከሳጥኑ እንጨት ጋር ተጣብቋል። ጣቴን አስጠጋሁ፤ መንካት አልቻልኩም። ከሽቦው አንድ ክንድ ርቆ የልጆቹ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ነበር።

ፊውዙ ግን ደህና ነበር። አልተቃጠለም።

ያን ቀን ማታ ሽቦውን በቢላ ቆረጥኩት። ላዩ መዳብ ነው፤ ውስጡ ነጭ አልሙኒየም። ሱቁ «ንጹሕ መዳብ» ብሎ የሸጠልኝ ነው። አልሙኒየም በዚያው ውፍረት የሚሸከመው ከመዳብ በጣም ያነሰ ነው። የሱቁ ጥፋት አንድ ነገር ነው። የእኔ ጥፋት ግን ይበልጣል። ፊውዙን 150 አምፒር ያደረግኩት ኢንቨርተሩ የሚጠይቀውን አይቼ ነው። ሽቦው የሚችለውን አይቼ መሆን ነበረበት። ማንቆርቆሪያው የጎተተው 90 አምፒር አካባቢ ነው። ለሽቦው ከአቅሙ በላይ ነበር፤ ለፊውዙ ግን ምንም አልነበረም። ስለዚህ ፊውዙ ዝም ብሎ እያየ ሽቦው ነደደ።

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ዕቃውን አይደለም። ሁልጊዜ ሽቦው ከሚችለው በታች ይሁን። ከባትሪው ምሰሶ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቦ ብቻ ነው የሚጠበቀውና። ሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ነው የሚተፋው፤ ተራ ፊውዝ ቀልጦም እሳቱ በመሃሉ ሊዘል ይችላል። ለዋናው መስመር ክላስ ቲ የሚባለውን ግዙ። ውድ ነው። ግዙት። ሽቦም ስትገዙ ጫፉን ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ሻጩ ቅር ቢለው ይበለው። ሽቦው ላሜራ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጎማ ይልበስ፤ የቫን አጥንት ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ይርገበገባል።

የጓደኛዬን ቫን በራሴ ወጪ እንደ አዲስ ሠራሁለት። እሱ ይቅር ብሎኛል። ልጅቷ «ይሸታል» ባትል ግን ሌሊት ሊሆን ይችል ነበር።

የማያያዝ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁና እናብቃ። ከሁሉ በፊት ፓኔሎቹን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ፓኔል ማጥፊያ የለውም፤ ብርሃን ካየ ኤሌክትሪክ አለው። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር አገናኙ። ኮንትሮለሩ የ12 ቮልት ባትሪ መሆኑን አይቶ ራሱን ያስተካክላል። ፓኔሉ ከዚያ በኋላ ይሰካል። ስትነቅሉ ግልባጩን፤ ፓኔሉ ቀድሞ፣ ባትሪው መጨረሻ። ፓኔሉን ቀድሞ የሰካ ሰው ኮንትሮለሩን ሊያበላሽ ይችላል። ከመስካታችሁ በፊት ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በሜትር ለኩ፤ የሽቦው ቀለም ብቻ አይታመን።

(«በረዶ ሲከመርበትስ?» የሚል ጥያቄ ከኋላ መጣ።)

በለስላሳ መጥረጊያ ነው የምናነሣው። በአካፋ አይሆንም፤ ሙቅ ውሃም አትድፉበት፤ መስተዋቱ ይሰነጠቃል። ትንሽ ብቻ ከጠረጋችሁለት፣ ያ የተገለጠው ቦታ ሞቆ የቀረውን ራሱ ያንሸራትተዋል። አቧራውን ደግሞ በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ገና ሳይግል፣ በውሃና በጨርቅ።

ቫኑ ውጪ፣ ከአዳራሹ በስተግራ ቆሟል። አልጋውን አንሥቼ የባትሪውን ሳጥን ክፍት ትቼዋለሁ፤ ፊውዙንም፣ ሽቦውንም እየነካካችሁ እዩ። የተቃጠለውን የጓደኛዬን ሽቦም አምጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። መሰላሉ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ በየተራ እንውጣ። ልጆቹ ቀድመው ይውጡ፤ እኔ ከሥር እይዝላቸዋለሁ።